ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ

ባለፈው ቅዳሜ ቱሉ ዲምቱ፣ ከብሎካችን ሥር ካለው የሸምሱ ሱቅ ዘይትና መኮሮኒ ገዝቼ በስልኬ ልከፍል ቆሜ ነበር። ባንኩ የሚልከው ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር አልመጣ አለ። ኔትወርኩ እንደ ልማዱ ነው። እኔ ደግሞ ድሮም ቆሞ መጠበቅ አይሆንልኝም፤ የማልገዛውን ሳሙና አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ፣ የብስኩቱን ዋጋ ጠየቅኩ፣ በር ድረስ ወጥቼ ተመለስኩ። ቁጥሩ ሲመጣ ተጣድፌ አስገባሁት። ስልኩ «የኮዱ ጊዜ አልፏል» አለኝ።

«እትዬ ሰናይት፣ ሌላ ይጠይቁታ» አለ ሸምሱ እየሳቀ። የስልጤ ልጅ ነው፤ እርጋታው አንዳንዴ ያበሽቀኛል። «ምን ያጣድፍዎታል? ዘይቱ እንደሆነ እግር የለው።»

«አሁን የላከውን እኮ ነው ጊዜው አልፏል የሚለኝ! ምን ዓይነት ነገር ነው!»

ጮህኩበት መሰለኝ፤ ልጁ ደነገጠ። ምስኪን፣ በእሱ እንዳልተናደድኩ በምን ይወቅ። በስልኩም አልነበረም ንዴቴ። «ጊዜው አልፏል» በሚለው ቃል ነበር። ሁለተኛው ቁጥር እስኪመጣ ድረስ ወደ አቃቂ፣ ወደዚያ የጎማ መጋዘን፣ ወደ ጋሽ ደምሴ ወንበር ሄጄ ተመለስኩ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ከኮሌጅ በወጣሁ በጥቂት ወራት፣ ጎማና የመኪና መለዋወጫ በሚያስመጣ ድርጅት ኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ በሙከራ ተቀጠርኩ። እናቴ ለሰፈሩ ሁሉ ነግራ ስላበቃች ከሥራ መባረር የሚባል ነገር አይታሰብም ነበር። ዋናው ቢሮ መሀል ከተማ ነው፤ መጋዘኑ ደግሞ አቃቂ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ወረድ ብሎ። አሠራሩ ቀላል ነው። ደንበኛ ጎማ ሲገዛ የመጋዘኑ ኮምፒዩተር ለዋናው ቢሮ ሰርቨር መልእክት ይልካል፤ «ለእገሌ ስምንት ጎማ ይውጣለት ወይ?» ይላል። ሰርቨሩ መዝገቡን አይቶ ከፈቀደ መጋዘን ያለው ፕሪንተር የመውጫ ወረቀት ያትማል። ዘበኛው ያንን ወረቀት ሳያይ ለእናቱም በር አይከፍትም። ይህንን ነው ዌብ ሰርቪስ የሚሉት። ያኔ አዲስ ነገር ስለነበር እኔም ስሙን የምጠራው አፌን ሞልቼ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ጎማ ጎደለ። ሲጣራ አንድ ሰው የተፈቀደ መልእክት ቀድቶ እያስቀመጠ፣ ቆየት ብሎ ያንኑ መልሶ እየላከ፣ በአንድ ፈቃድ ሁለት ጊዜ ያስወጣ እንደነበር ታወቀ። ሰውየው ማን እንደሆነ ግን አልታወቀም። የክፍላችን ኃላፊ አቶ ዮናስ ጠሩኝና «ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዱ መልእክት ላይ የደህንነት ቶክን ይግባ፤ አንቺ ነሽ የምትሠሪው» አሉኝ።

ቶክን ማለት በደብዳቤ አናት ላይ እንደሚመታ ማኅተም ያለ ነገር ነው። ላኪው ማን እንደሆነ፣ የይለፍ ቃሉ በምስጢር ተቆልፎ፣ ከዚያም መልእክቱ የተጻፈበት ቀንና ሰዓት ይገባበታል። ሰዓቱን የሚሞላው የላኪው ኮምፒዩተር ራሱ ነው። ሰርቨሩ ማኅተሙን ያያል፤ ከተጻፈ አምስት ደቂቃ ያለፈውን መልእክት «ጊዜው አልፏል» ብሎ ይመልሳል። በዚህ መንገድ የትናንቱን መልእክት ቀድቶ ዛሬ የሚልክ ሌባ በሩ ተዘጋበት ማለት ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያችን ማኅተም ከመልእክቱ አናት ላይ ለመግጠም ስታገል ከረምኩ። ምሳ በላሁ አልበላሁ የማላውቅባቸው ቀኖች ነበሩ። ሲሠራልኝ ወንበሬ ላይ ዘለልኩ፤ አጠገቤ ያለችው ጸሐፊ ውሃዋን ደፋች።

ነሐሴ ነው፣ ዓርብ ቀን። ሥራዬን በዲስክ ይዤ አቃቂ ወረድኩ። ወያላው «አቃቂ ቃሊቲ! አቃቂ ቃሊቲ! የሞላ!» ይላል፤ ሚኒባሱ ግን ግማሹ ባዶ ነው። ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ዳር ሁሉ የበቆሎ ጥብስ ይጨሳል። ጭቃው ጫማዬን አንዴ ነጥቆኝ በአንድ እግሬ እያነከስኩ ተመልሼ አወጣሁት።

ጋሽ ደምሴ የመጋዘኑ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ናቸው። አባታቸው የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ እሳቸውም እዚያው አቃቂ ተወልደው፣ ጉርምስናቸው ሳያልቅ መጋዘኑ ገብተው ጡረታቸው ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ግራጫ ካፖርት፣ ደረት ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ። ኮምፒዩተር ቢመጣም ትልቁን መዝገባቸውን አልተዉም፤ የሚወጣውን ጎማ ሁሉ ከነሰዓቱ፣ ቀለም በማያፈስ፣ የተማሪ ቤት ሽልማት በሚመስል ጽሕፈት ይጽፋሉ። ፍልሰታ ስለነበር እሳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይቀምሱም። ለእኔ ግን የበቆሎ ጥብስ አስገዝተው በጋዜጣ ጠቅልለው አቆዩኝ።

«ጋሼ፣ ጾም አይደል እንዴ?» አልኳቸው።

«አንቺ ብዪ። እኔ ወደ ግድግዳው እዞራለሁ» አሉ፤ እውነትም ዞሩ።

ፕሮግራሙን ጫንኩ። ሦስት መልእክት ላክሁ፣ ሦስቱም አለፉ፣ ፕሪንተሩ ሦስት ጊዜ ተንጫጫ። የዓለም ጌታ ሆንኩ። ዐሥር ሰዓት ተኩል ላይ ቦርሳዬን አንስቼ ልወጣ ስል ጋሽ ደምሴ ወደ ኮምፒዩተሩ ጥግ በእስክሪብቷቸው ጠቆሙ።

«ልጄ፣ እዚች ላይ ያለችው ሰዓት ታስቸግረኛለች። ጠዋት ሁለት ሰዓት ስገባ ስምንት ትለኛለች። መዝገቤ ላይ ስጽፍ በጣቴ ስድስት ስቀንስ እውላለሁ፤ እያረጀሁ እኮ ነው፣ አንዳንዴ እሳሳታለሁ። መላ የላትም?»

በር ላይ የመጨረሻ ሊሆን የሚችለው ሚኒባስ ጡሩምባውን ይነፋል። እኔ አንድ እግሬ ውጭ ነው። ጎንበስ ብዬ ሰዓቷን ሁለት ጊዜ ጠቅ አደረግኩና ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መለስኳት።

«ይኸው ጋሼ፣ አበሻ አደረግኳት» አልኩ።

«ዕድሜ ይስጥሽ!» አሉ፤ ከልባቸው ነበር። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም። ሮጬ ሚኒባሱን ያዝኩ፣ ሳሪስ ሳልደርስ ነገሩን ረሳሁት።

አንባቢዬ ገብቶታል። ለእኔ ግን አልገባኝም። ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። ቶክኑን የሠራሁት እኔ፣ ሰዓቱ ከማሽኑ እንደሚወሰድ የማውቅ እኔ፣ ሰዓቷን የነካሁት እኔ፤ ሁለቱን ነገር የሚያገናኝ አንድ ክር ጭንቅላቴ ውስጥ አልነበረም። ሽማግሌ ማስደሰት አንድ ነገር ነው፣ ሥራ ሌላ ነገር ነው፤ እንዲያ ለያይቼ አስቀምጫቸው ነበር።

ቅዳሜ ከመጋዘኑ የተላከው መልእክት ሁሉ ተመለሰ። ሰኞም ተመለሰ። አይሱዙዎቹ እስከ ዋናው መንገድ ተሰልፈው ሹፌሮቹ ይሳደባሉ። አቶ ዮናስ የሰርቨሩን መዝገብ አትመው ከድርጅቱ ተቆጣጣሪ ጋር ተቀመጡ፤ እኔንም ጠሩኝ። በመዝገቡ ላይ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ «ሁለት ከአሥራ ሁለት ላይ የተጻፈ፣ ስምንት ከአሥራ ሁለት ላይ የደረሰ፣ ጊዜው አልፏል» ይላል። ቀጣዩም፣ ከዚያ የሚቀጥለውም እንደዚያው ነው።

ተቆጣጣሪው መነጽራቸውን አውልቀው፣ «የፈረንጅ ሁለት ሰዓት ማለት ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው» አሉ። «ሌሊት ስምንት ሰዓት መጋዘኑ ዝግ ነው። ቁልፉ ያለው ደምሴ ጋ ነው። ሌሊት እየገባ መልእክት ያዘጋጃል፣ ጠዋት ይልካል። የድሮውን ዘዴ ነው የሚሞክረው፤ ይኸው በቶክኑ ተያዘ።»

አቶ ዮናስ ወደ እኔ ዞሩ። «ሰናይት፣ ቶክኑ ሊሳሳት ይችላል?»

«አይሳሳትም» አልኩ። «ዓርብ ሞክሬዋለሁ፤ ሦስቱም አልፈዋል።»

አንድ ደቂቃ እንኳ አላሰብኩም። ልዩነቱ ሁልጊዜ ድፍን ስድስት ሰዓት መሆኑን ዓይኔ እያየ አላየውም። የአገሬ ሰዓት እኮ ነው! ከልጅነቴ ጀምሮ በአንድ እጄ የማደምረው፣ በሌላው የምቀንሰው ስድስት። ጉራዬ ዓይኔን ጋረደው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ማክሰኞ ጋሽ ደምሴን ቃላቸውን ተቀብለው፣ አስፈርመው፣ ቁልፋቸውን ወስደው ወደ ቤታቸው ሰደዷቸው። ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኮሚቴ ተሰብስቦ ጉዳዩን ለፖሊስ እንዲመራ ተወሰነ። እኔን ሐሙስ ጠዋት «ሄደሽ ለተተኪው ሰው አስተካክለሽ ስጪው» ብለው ወደ አቃቂ ላኩኝ።

ወንበራቸው ላይ ተቀመጥኩ። ካፖርቱ ምስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ሦስቱም እስክሪብቶ ኪሱ ውስጥ አሉ። ደጅ ያሉት ጫኝና አውራጆች በሹክሹክታ ያወራሉ፤ ወደ እኔ የሚያዩበት ዓይን ደስ አይልም። አንዱ ውሃ ስጠይቀው «የወንበሩ ባለቤት ነው የሚያውቀው» ብሎኝ ሄደ።  መልእክት ላክሁ፤ ተመለሰ። ቶክኑን ከፍቼ አየሁ፤ ምንም አልጎደለውም። ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ እንደ ልማዴ የእጅ ሰዓቴን አየሁ። ሦስት ከሃያ ይላል። የኮምፒዩተሩን ጥግ አየሁ። ሦስት ከሃያ።

ልክ ነው ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ደግሜ አየሁ፤ የእጄም የኮምፒዩተሩም ሦስት ከሃያ አንድ ናቸው። ያኔ ነው ላብ ያጠመቀኝ። በሥራ ዘመኔ አንድም ቀን የእጅ ሰዓቴና ኮምፒዩተር ተስማምተው አያውቁም። መስማማታቸው ነው ጥፋቱ። «ይኸው ጋሼ፣ አበሻ አደረግኳት» ያልኩት ድምፄ ጆሮዬ ላይ መጣብኝ። መልእክቱ ከዚህ ሲወጣ ገና ስድስት ሰዓት አርጅቶ ነው የሚወጣው!

ሰዓቷን ወደ ፈረንጁ መለስኩና መልእክቱን ላክሁ። ፕሪንተሩ ተንጫጫ፣ ወረቀቱ ወጣ፣ በሩ ተከፈተ፣ ሹፌሮቹ አጨበጨቡ። ወዲያው አቶ ዮናስ ደወሉ።

«ሠራ አሉኝ! ምን ነበረበት?»

«ትንሽ ነገር ናት… አስተካከልኳት» አልኩ። 

«አየሽ?» አሉ። «ሰውየው በተነሳ በሁለት ቀኑ ሠራ። ይኸው ለኮሚቴው ሌላ ማስረጃ። ጎበዝ ልጅ!»

ስልኩ ተዘጋ። ማንም ሳያውቅ አስተካክዬ ዝም እላለሁ የሚል ሐሳብ በልቤ አልፎ እንደነበር አልደብቅም። አሁን ግን ዝምታዬ ራሱ ሽማግሌውን ሊያሳስር ነው። እኔ በነካሁት ሰዓት ስማቸው ጠፋ፣ እኔ መልሼ በነካሁት ሰዓት ደግሞ ማስረጃ ሆነባቸው።

የተሰለፉት አይሱዙዎች ወጥተው እስኪያልቁ ምሳ ሰዓት አለፈ፤ ከዚያ በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ቃሊቲ ላይ ከማረሚያ ቤቱ ጠይቀው የሚመለሱ ሰዎች ገቡ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ባዶ ምሳ ዕቃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ክዳኑን በነጠላቸው ጫፍ እየደጋገሙ ይወለውላሉ፤ የሚወለወል ነገር ግን የለውም። ማንን እንደጠየቁ አልጠየቅኳቸውም። የጋሽ ደምሴ ሚስት በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታየችኝ። የራሴ እናት ደግሞ «ሥራ ለቀቀች አሉ?» በሚላት ሰፈር ላይ በሯን ስትዘጋ ታየችኝ። ሳሪስ ላይ መንገዱ ተዘጋ። ስምንት ተኩል። መኪናው አይነቃነቅም። 

«ወራጅ አለ!» ብዬ ወረድኩ። በጭቃው፣ በሰዉ መሀል፣ ቦርሳዬን አቅፌ እየሮጥኩ፣ ሲደክመኝ እየተራመድኩ፣ ከዚያ ሌላ ታክሲ ይዤ ቢሮ ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ጸሐፊዋ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስትል በሩን ከፍቼ ገባሁ። እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። ሁሉም ዞሩ። ትንፋሽ አጠረኝ፤ የእጅ ሰዓቴን ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። «ይሄ ስንት ይላል?»

«ዘጠኝ ከሩብ» አሉ ተቆጣጣሪው ግራ ገብቷቸው።

«የአቶ ዮናስ ኮምፒዩተርስ?»

አቶ ዮናስ ወደ ኮምፒዩተራቸው ዞር አሉ። «ሦስት ከ…» ብለው አቆሙ። እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ። እሳቸውም ያችን መዝገብ ሦስት ቀን አይተዋታል።

የቀረውን ነገርኳቸው፤ ዓርብ ሰዓቷን እንዴት እንደመለስኳት፣ ለምን እንደመለስኳት፣ ዛሬ ጠዋት እንዴት እንዳስተካከልኳት። ተቆጣጣሪው ግን አላመኑኝም። ፋይሉን ከፍተው አንድ ወረቀት አወጡ።

«እንዴት ይሆናል?» አሉ። «እኔ ራሴ ጠይቄዋለሁ። ከዓርብ ወዲህ ይህንን ማሽን ማን ነካው ስለው ምን እንዳለ አንብቢ።»

አነበብኩ። ጽሕፈቱን አውቀዋለሁ፤ ቀለም አያፈስም። «ከእኔ በቀር ኮምፒዩተሩን የነካ ሰው የለም» ይላል። ከሥሩ ፊርማቸው አለ።

ሰዓቷን ወደ ኋላ መልሰው ራሳቸው ሞክረው ካረጋገጡ በኋላ፣ ጋሽ ደምሴ በሚቀጥለው ሰኞ ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ ይቅርታ የጠየቃቸው ሰው እንደነበር አልሰማሁም። እኔ የሙከራ ጊዜዬ ሲያልቅ «አንፈልግሽም» ተባልኩ። አልተከራከርኩም። እናቴ አንድ ሳምንት አኮረፈችኝ። ሌባው ማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከኮሚቴው ስብሰባ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ግን ቤታቸው ሄጄ ነበር። ከሐዲዱ ማዶ ናቸው፤ ግቢያቸው ውስጥ የተከሉት ጎመን ዝናብ ጠግቦ ተንዠርግጓል። አንድ ጥያቄ ነበረኝ።

«ጋሼ፣ ለምን ስሜን አልጠሩም?»

«ሲጠይቁኝ ፊታቸው ደስ አላለኝም» አሉ። «ያችን ሰዓት ስትነኪ አይቻለሁ። ጥፋት ይሁን አይሁን እኔ ምን አውቃለሁ? ስምሽን ብጠራ አንቺን ይይዙሻል አልኩ። ገና ጀማሪ ነሽ። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ እዚያ ሠርቻለሁ፤ አንድ የሚያውቀኝ ሰው አይጠፋም፣ ይናገርልኛል ብዬ ነው።»

«ተናገረ ታዲያ?»

ከጎመኑ አንድ የደረቀ ቅጠል ቀነጠሱ። «አንቺ መጣሽልኝ አይደል» አሉ።

እንባዬ መጣ። እሳቸው ከሥራ እባረራለሁ ብዬ የማለቅስ መስሏቸው «አይዞሽ፣ ሥራ አይጠፋም» እያሉ ጀርባዬን መቱኝ። ያስለቀሰኝ ሌላ ነው። «ቶክኑ ሊሳሳት ይችላል?» ተብዬ ስጠየቅ «አይሳሳትም» ያልኩት እኔ መሆኔን አያውቁም። ያችን ቃል ባልናገር ቁልፋቸውን ባልተቀሙ ነበር። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፤ ባለቤቴ ቡና ታፍላልሽ አሉ፤ መሸብኝ ብዬ ወጣሁ። አልመሸም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ቦታ ሠራሁ፣ ብዙ ቶክን ገጠምኩ። የትም ሄጄ ኮምፒዩተር ፊት ስቀመጥ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጥጓ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል፤ አንዱ «የሰናይት ሱስ» ይለዋል። ምን ልበለው? በዚያ ሳምንት ከአቃቂ መጋዘን የተላከው ሁሉ እውነት ነበር፤ ሁሉንም «ጊዜው አልፏል» ብለን መለስነው። አንድ ውሸት ብቻ ወጣ፣ እሱም ለእኔ ሲባል የተጻፈ፤ እሱን ግን ፋይል ውስጥ በክብር አስቀመጥነው።

«እትዬ፣ ይኸው መጣልዎት!» አለ ሸምሱ። ስልኬ እጄ ላይ ነዝሯል። ቁጥሩን ቀስ ብዬ፣ አንድ በአንድ አስገባሁት። ተቀበለኝ። ዘይቴን ይዤ ሦስተኛ ፎቅ እስክደርስ ግን ልቤ አልተረጋጋም። ጋሽ ደምሴ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ቀብራቸው ላይ ልጃቸው አቅፋኝ «አባዬ ሁሌ ያነሳሽ ነበር፤ ያቺ ልጅ አዳነችኝ ይል ነበር» አለችኝ። «አይሳሳትም» ያልኩት እኔ መሆኔን ለእሷም አልነገርኳትም።